ሶምናት ሆር፦ ረሃብንና ቁስልን በነሐስ የቀረፀው ቤንጋላዊ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ስለ ዘመናዊ የህንድ ሥነ ጥበብ ሲወራ የሶምናት ሆር ስም ቶሎ አይነሳም። ሥራዎቹ ትንንሽ ናቸው። ብዙዎቹ ቀለም የላቸውም። ለሳሎን ጌጥ ይሆናሉ ማለትም ይከብዳል። አንዴ ያያቸው ሰው ግን ጥያቄ ያበዛል። ከሚደጋገሙት ጥቂቶቹን እዚህ ሰብስቤያለሁ፤ ስቃይ በሞላባቸው ሥራዎቹ ውስጥ ነፃነት የት አለ የሚለውም አንዱ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በኛ ሲሆን ዓ.ም. ብዬ እለያለሁ።

ሶምናት ሆር ማን ነው?

በ1921 በቺታጎንግ አካባቢ፣ ባራማ በምትባል መንደር ተወለደ። ያኔ አገሩ በእንግሊዝ የሚገዛ ህንድ ነበር፤ ዛሬ ባንግላዴሽ ነው። አባቱን በልጅነቱ አጣ። በወጣትነቱ ኮሚኒስት ሆነ። ካልካታ በሚገኘው የመንግሥት ሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተማረ። ከዚያ በካልካታ፣ በዴልሂና በምዕራብ ቤንጋል ባለችው የዩኒቨርሲቲ ከተማ በሻንቲኒኬታን አስተማረ። ባለቤቱ ሬባ ሆርም ሠዓሊ ነበረች። በ2006 በ85 ዓመቱ ሻንቲኒኬታን ውስጥ አረፈ። የህንድ መንግሥት ፓድማ ቡሻን የተባለውን ትልቅ ሽልማት የሰጠው ከሞተ በኋላ፣ በ2007 ነው። መንግሥታት ለእንዲህ ዓይነት ሰው አይቸኩሉም።

ቀራፂ ነው ወይስ የኅትመት ሠዓሊ?

ሁለቱንም ነው። ብዙ ዘመኑን የሰጠው ግን ለኅትመት ጥበብ ነው። እንጨት እየቀረፀ አተመ፤ መዳብና ዚንክ በአሲድ እያስበላ አተመ፤ ድንጋይ ላይ ሣለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የህንድ ብሔራዊ ሽልማት የተሸለመው በኅትመቶቹ ነው። በሻንቲኒኬታን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ካላ ባቫና በሚባለው፣ የኅትመት ክፍሉን ለዓመታት መርቷል።

ነሐስ የነካው በ1974 ነው፤ ያኔ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ቀራፂ ሆኖ የኖረው በሕይወቱ የመጨረሻ ሠላሳ ዓመታት ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው። እኔ ግን ነሐሶቹን ከኅትመቶቹ ለይቼ አላያቸውም። አሲድ ብረት ሲበላ፣ ቢላዋ እንጨት ሲሰነጥቅ ሃያ ዓመት ያየ እጅ ነው ወደ ሰም የገባው።

የ1943ቱ የቤንጋል ረሃብ እንዴት መጣ? እሱስ የት ነበር?

ቤንጋል፣ ዛሬ በህንድና በባንግላዴሽ የተከፈለው ምድር፣ ሩዝ አብቃይ ነው፤ ውኃ የሞላው አገር ነው። ረሃቡን ያመጣው በዋናነት የዝናብ መጥፋት አልነበረም። ጦርነት ነበር። ጃፓን በ1942 በርማን ያዘች፤ ከዚያ ይገባ የነበረው ሩዝ ቆመ። እንግሊዞች ደግሞ ጃፓን ወደ ቤንጋል ከዘለቀች እንዳትጠቀምበት ብለው በባሕሩ ዳርቻ ካሉት ወረዳዎች ሩዙንም ጀልባውንም ሰበሰቡ። በዚያ የወንዝ አገር ጀልባ ማለት እግር ማለት ነው። ጀልባውን የተወሰደ ዓሣ አጥማጅ አያጠምድም፤ ገበሬውም ገበያ አይደርስም። በዚያው ዓመት በጥቅምት አውሎ ነፋስ የሜዲኒፑርን ወረዳ መታ። ዋጋ ሰማይ ነካ። መንግሥት ቅድሚያውን ለጦሩና ለካልካታ ሠራተኞች ሰጠ።

መሬት የሌለው የቀን ሠራተኛ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ የገጠር እጅ ባለሙያው ሩዝ መግዛት አቃተው። እህል በየመጋዘኑ እያለ ሰው በካልካታ የእግረኛ መንገድ ላይ ሞተ። የሟቾቹ ቁጥር ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ይገመታል። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ያን ረሃብ በልጅነቱ ሻንቲኒኬታን ሆኖ አይቶታል። ኋላ ላይ ረሃብ እህል ስለጠፋ ብቻ እንደማይመጣ፣ ሰው እህሉን የሚያገኝበት አቅም ሲያጣም እንደሚመጣ ሲያስረዳ ዋና ምሳሌው ይኸው ነበር።

ሆር ያኔ የ22 ዓመት ወጣት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የጃፓን አውሮፕላኖች በቺታጎንግ አካባቢ ፓቲያን ሲደበድቡ የተጎዱትን አይቶ ሥሏል። የረሃቡ ጊዜ ሲመጣ ቺታፕሮሳድ የሚባል፣ ከእሱ በዕድሜ ከፍ ያለ ኮሚኒስት ሠዓሊ እጁን ይዞ አስተማረው። ትምህርቱ ስቱዲዮ ውስጥ አልነበረም። መንገድ ላይ፣ የታመመና የተራበ ሰው ፊት ቆሞ መሣል ነበር። ሥዕሎቹ የኮሚኒስት ፓርቲው ጋዜጣ ላይ ወጡ። ወደ ካልካታ ኮሌጅ ሲገባ ደግሞ ከመምህራኑ አንዱ ዘይኑል አበዲን ነበር፤ እሱም የዚያኑ ረሃብ በጥቁር ቀለም የሣለ ሰው ነው።

ስለዚህ ሆር ሥዕል ተምሮ ኋላ ስለ መከራ ማሰብ የጀመረ ሰው አይደለም። መጀመሪያ ያየው ሬሳ ነው። እርሳስ አያያዝን የተማረው እሱን ለማሳየት ነው።

ካሜራ እያለ ሥዕሉ ለምን አስፈለገ?

ካሜራውም ሥራ ነበረው። ስቴትስማን የሚባለው የካልካታ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ በነሐሴ 1943 የረሃቡን ፎቶዎች አትሞ ዓለም እንዲሰማ አድርጓል። ግን ያ ጋዜጣ እንግሊዝኛ ለሚያነብ የከተማ ሰው ነው። የፓርቲው ሠዓሊዎች የሚሥሉት ለሌላ ሰው ነበር። ንድፍ በርካሽ ይታተማል። ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ማንበብ የማይችል ገበሬም ያየዋል።

ሥዕሉ ለገዢዎቹም የዋዛ ነገር አልነበረም። ቺታፕሮሳድ ስለ ሜዲኒፑር ረሃብ በንድፍና በጽሑፍ ያዘጋጀውን መጽሐፍ እንግሊዞች ይዘው 5,000 ቅጂ አቃጥለዋል። የእርሳስ ሥዕል የሚያቃጥል ኢምፓየር!

ሌላም ነገር አለ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው። ፎቶ አንሺ ጠቅ አድርጎ መሄድ ይችላል። የሚሥል ሰው ግን ከፊቱ ካለው ሰው ጋር መቆየት አለበት። የጎድን አጥንቱን አንድ በአንድ ማየት አለበት። ሆር ከሰላሳ ዓመት በኋላ ሰም ሲቆርጥ ያን የጎድን አጥንት በቃሉ ያውቀው ነበር።

ቴብሃጋ ምንድን ነው? ለምንስ ይህን ያህል ይወራለታል?

ቴብሃጋ በ1946 መጨረሻ በቤንጋል የተነሳ የገበሬዎች ትግል ነው። የቤንጋል የእኩል አራሽ ከምርቱ ግማሹን ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር። በሬውም፣ ዘሩም፣ ጉልበቱም ብዙ ጊዜ የእሱ ነው። ጢሰኝነትን በወሬም በታሪክም ለሚያውቅ የኛ አገር አንባቢ ይህን ማስረዳት አያሻም። ገበሬዎቹ ከሦስት እጅ ሁለቱ ለእኛ ይሁን፣ አንዱን እንሰጣለን አሉ። ጥያቄው ከሰማይ የወረደ አልነበረም። መንግሥት ራሱ ያቋቋመው የመሬት ኮሚሽን በ1940 ይህንኑ መክሮ ነበር። ምክሩ መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ትግሉ የተደረገው አውድማ ላይ ነው። እንደ ልማዱ የታጨደው ሩዝ ወደ ባለመሬቱ አውድማ ይጋዝና እዚያ ይካፈላል፤ ሲካፈል ደግሞ ብድሩ፣ ወለዱ፣ ልዩ ልዩው ክፍያ ይቀነሳል። ገበሬዎቹ ነዶውን በየራሳቸው አውድማ መከመር ጀመሩ። መፈክራቸው «ነፍስ እንሰጣለን እንጂ ሩዝ አንሰጥም» የሚል ነበር። ሴቶቹ መጥረጊያና ማጭድ ይዘው ፖሊስ ፊት ቆሙ። ካልካታ ውስጥ ሂንዱና ሙስሊም በተራረዱ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በገጠር የሁለቱም እምነት ገበሬዎች አብረው ወጡ።

ፓርቲው ሆርን በታኅሣሥ 1946 ወደ ሰሜን ቤንጋል፣ ወደ ራንግፑር ላከው። የ25 ዓመት ተማሪ ነው። በየመንደሩ እየዞረ ሣለ፤ ማታ ማታ ማስታወሻ ጻፈ። ይህ የቴብሃጋ ማስታወሻው ከብዙ ዓመት በኋላ በመጽሐፍ ወጥቷል። ንድፎቹ ላይ ረሃብ የሣለው እጅ የተለወጠ ይመስላል። ሰዎቹ ቆመዋል። የሌሊት ስብሰባ ላይ በኩራዝ ብርሃን ተጠጋግተው ያወራሉ። ዱላ ይዘው ይጠብቃሉ። ነዶ ተሸክመው ይሄዳሉ። አንዳንዱም ስሙ ከሥዕሉ ጋር ተጽፎለታል። ከሦስት ዓመት በፊት ስም አልባ ሆኖ መንገድ ላይ ተዘርሮ የነበረው ሰው አሁን ስም አለው። ስለ ሆርና ስለ ነፃነት የሚጠይቀኝን ሰው ሁልጊዜ ወደነዚህ ንድፎች ነው የምመራው።

ትግሉ አልሰመረም። በየካቲት 1947 ካንፑር በምትባል የዲናጅፑር መንደር ፖሊስ ተኩሶ ከ20 በላይ ሰዎች ገደለ። የምዕራብ ቤንጋል የእኩል አራሾች ድርሻቸው በመንግሥት መዝገብ በሰፊው መመዝገብ የጀመረው ከ1978 ወዲህ ነው። ከቴብሃጋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ።

ህንድ በ1947 ነፃ ወጣች። እሱ ደስ አላለውም?

ነፃነቱና ክፍፍሉ በአንድ ቀን ነው የመጡት። ቺታጎንግ የፓኪስታን ድርሻ ሆነች። የተወለደባት መንደር በአንድ ሌሊት የሌላ አገር ሆነች ማለት ነው። በ1948 ደግሞ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት የኮሚኒስት ፓርቲውን አገደ። ሆር ትምህርቱን አቋርጦ ተደበቀ። ነፃ በወጣች አገሩ ውስጥ ኅቡዕ ገባ።

ይህን ካወቅን ሥራዎቹ ውስጥ የባንዲራ ቀን የማይታየው ለምን እንደሆነ ብዙ አያስገርምም።

ከፓርቲው ለምን ወጣ?

በ1956 አባልነቱን ተወ። ከዚያ በፊት የሠራቸው የእንጨት ኅትመቶች የቻይና አብዮታዊ ሠዓሊዎችንና ስሜትን አጋንነው የሚሥሉትን የጀርመን ኤክስፕረሺኒስቶች አሠራር ያስታውሳሉ። ገበሬ፣ ማጭድ፣ ጠንካራ ፊት። ጥሩ ሥራዎች ናቸው፤ ግን ምን ማለት እንዳለባቸው አስቀድመው ያውቃሉ። ከ1956 በኋላ የሠራቸው መልሱን አያውቁም። ለሰው ያለው ወገንተኝነት አልተለወጠም። የተለወጠው፣ ለአንድ ፓርቲ ፖስተር መሥራት ማቆሙ ነው። እኔ ይህንን ከቴብሃጋ ቀጥሎ ሁለተኛው ነፃነቱ እለዋለሁ።

«ቁስሎች» የሚባሉት ነጫጭ ሥራዎች ምንድን ናቸው?

ከ1971 ጀምሮ የሠራቸው ተከታታይ ሥራዎች ናቸው። በሩቅ ሲታዩ ምንም የሌለበት ነጭ ወረቀት ይመስላሉ። ቀረብ ሲሉ ወረቀቱ ቆዳ ነው። ተሰንጥቋል፣ ተወግቷል፣ አብጧል፣ ጠባሳ ይዟል። ሰው የለበትም። ፊት፣ እጅ፣ አካል ምንም የለም። ቁስሉ ብቻ ነው ያለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጭቃ ወይም ሰም ጠፍጣፋ ተደርጎ ይዘጋጃል። እሱን በቢላዋ ይቆርጠዋል፤ በጋለ ብረት ይወጋዋል። ከዚያ በላዩ ላይ ሲሚንቶ አፍስሶ ቅርጽ ያወጣል። በመጨረሻ ተነክሮ የላመ ወረቀት ሲሚንቶው ላይ ይጫንና ይደርቃል። ቀለም የለም፤ ማተሚያ ማሽን የለም። ወረቀቱ የያዘው የቢላዋውን መንገድ ነው።

ዘመኑን አስታውሱ። በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ነበር። ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ስደተኛ ወደ ህንድ ገባ፤ አብዛኛው ወደ ምዕራብ ቤንጋል። የሸሹበት አገር የሆር የትውልድ አገር ነው። ካልካታ ውስጥ ደግሞ ናክሳላይት የሚባሉት የማኦ ተከታይ ወጣቶች አመጽና የፖሊስ ግድያ መንገዱን ደም በደም አድርጎት ነበር። ሆር ራሱ ስለነዚህ ሥራዎች ሲናገር ሦስት ነገር በእኩል ዓይን ያነሳል፦ ጠባሳ ያለበትን ዛፍ፣ የጭነት መኪና ጎማ የቦረቦረውን መንገድ፣ ያለ ምክንያት በጩቤ የተወጋን ሰው። ሁሉም ለእሱ ቁስል ናቸው።

አንዳንድ ሰው «ይህማ አብስትራክት ነው፣ ከፖለቲካ ሸሸ» ይላል። አልስማማም። ረሃብተኛውን ከነፊቱ ስትሥል ተመልካቹ «ምስኪን» ብሎ ያልፋል። ያ ሰው እሱ አይደለማ። እዚህ ግን የማን ቁስል እንደሆነ አልተነገረህም። የአንተም ሊሆን ይችላል።

የነሐስ ሥራዎቹ እንዴት ነው የሚሠሩት?

ሰም ቀልጦ በሚወጣበት የአቀላለጥ ዘዴ ነው። የኛ አገር መስቀል ሠሪዎችና አንጥረኞችም ያውቁታል። ከሰም ቅርጹ ይሠራል፤ በጭቃ ይለበጣል፤ እሳት ላይ ሲሆን ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶው ቦታ ላይ የቀለጠ ነሐስ ይፈስሳል። ጭቃው ሲሰበር ነሐሱ ይወጣል።

የሆር ልዩነት ከሰሙ ላይ ነው። ብዙ ቀራፂ መጀመሪያ በጭቃ ይሠራል፤ ከዚያ ወደ ሰም ይገለብጣል፤ ሥጋውን እየጨመረ ይሞላል። ሆር ግን ሰሙን እንደ ቆርቆሮ ስስ ገጽ አድርጎ አዘጋጅቶ ይቆርጠዋል፣ ያጥፈዋል፣ ይቀደዋል፣ በጋለ ቢላዋ ያያይዘዋል። ሰውየው ከቁርጥራጭ ነው የሚቆመው። ውስጡ ባዶ ነው፤ ባዶነቱ ደግሞ በቀዳዳው ይታያል። የጎድን አጥንቱ ስንጥቅ ነው። ሆዱ ብዙ ጊዜ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ነሐስ ሲፈስስ ወደ ቅርጹ የሚገባባቸው ቱቦዎች አሉ፤ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ እንደ ቀንድ ወጥተው ይቀራሉ። የተለመደው እነሱን ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ አሳምሮ መጨረስ ነው። ሆር አንዳንዶቹን ይተዋቸዋል። ክርን ይሆናሉ፣ ምርኩዝ ይሆናሉ፣ ወይም ዝም ብለው ከሰውነቱ ወጥተው ይታያሉ። ሰሙ በቀጥታ ስለሚቀልጥ ደግሞ ሥራው አንድ ብቻ ነው። ቢበላሽ ተመልሶ አይገኝም።

የህንድ ነሐስ ሲባል የምናውቀው አማልክት ነው። ይህ ከየት መጣ?

ልክ ናችሁ። በደቡብ ህንድ በቾላ ነገሥታት ዘመን የተሠሩት የሺቫ ምስሎች በዓለም ይታወቃሉ። የእነሱ ገላ ለስላሳና ሙሉ ነው፤ ትንፋሽ የሳበ ደረት አላቸው። የሆር ሰዎች ትንፋሹ የወጣላቸው ናቸው። ብረቱ አንድ ነው፣ ዘዴው አንድ ነው። አምላኩ ግን የለም። ቦታውን የያዘችው ልጇን የታቀፈች ለማኝ ናት። አንዳንዴም ፍየል ወይም ውሻ።

ለምን ትንንሽ ሠራቸው?

ብዙዎቹ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ፣ አንዳንዶቹም በእጅ የሚያዙ ናቸው። አንዱ ምክንያት አሠራሩ ነው፤ ስስ ሰም ትልቅ ሆኖ አይቆምም። ግን እኔን የሚያሳምነኝ ሌላው ነው። ትልቅ ሐውልትን ቀና ብለህ ታየዋለህ። ለእነዚህ ግን ጎንበስ ማለት አለብህ።

የተሰረቀው ሐውልት ታሪክ እውነት ነው?

እውነት ነው። ሆር ከሠራቸው የነሐስ ሥራዎች ትላልቅ ከሚባሉት አንዱ «እናትና ልጅ» ነበር። በ1977 ጨረሰው። የቬትናም ሕዝብ ላየው ስቃይና ለትግሉ መታሰቢያ እንዲሆን ነበር የሠራው። ሥራው ባለቀ በጥቂት ጊዜ ከካላ ባቫና ግቢ ተሰረቀ። እስከ ዛሬ አልተገኘም። የምናየው ፎቶውን ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አንድ ምሳሌያዊ ትርጉም ሊያወጣለት ይሞክራል። እኔ አልሞክርም። ሌባ የነሐስ ዋጋ ያውቃል። የሚያናድድ ነገር ነው፣ በቃ።

ታዲያ ነፃነቱ የት አለ? የሚታየው ስቃይ ብቻ አይደለም?

ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን በንጽጽር ብጀምር ይሻላል።

ፓትና ከተማ የሰማዕታት መታሰቢያ አለ። በነሐሴ 1942 በመንግሥት ሕንፃ ላይ የህንድን ባንዲራ ሊሰቅሉ ሲሄዱ በጥይት የወደቁ 7 ተማሪዎች ናቸው፤ በሰው ልክ፣ በነሐስ። ቼናይ የባሕር ዳርቻ ደግሞ በ1959 የቆመ፣ 4 ወንዶች ትልቅ ድንጋይ ሲገፉ የሚያሳይ ሐውልት አለ። የሁለቱም ቀራፂ ዴቪ ፕራሳድ ሮይ ቾውድሪ ነው። ጡንቻው ተወጥሯል፤ እጁ ወደ ፊት ነው። ነፃነት እዚያ ወደፊት የሚደረስበት ቦታ ነው፤ ሰዎቹ ወደዚያው ይሮጣሉ።

የሆር ሰዎች አይሮጡም። ጡንቻ የላቸውም። ግን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። የወደቁት እንኳ አንገታቸውን ያነሳሉ። እናቶቹ ልጃቸውን አልጣሉም። ከግማሽ በላይ ሰውነቱ የተቀደደ ሽማግሌ በአንድ እግሩ ሚዛኑን ጠብቆ ቆሟል፤ እንዴት እንደቆመ ግራ ይገባችኋል። ነሐስ ስለሆነ ነው የቆመው የሚል ይኖራል። አዎ፣ ግን ሆር ሚዛኑን እዚያ ድረስ ያደረሰው አውቆ ነው። ሊወድቅ አንድ ጣት ሲቀረው ያስቆመዋል።

ለእኔ ነፃነቱ ያ ነው። አገር የሚሰጠው ወይም ፓርቲ ቃል የሚገባው ነገር አይደለም። የተሰበረ ሰው አሁንም የራሱ አቋቋም አለው። ራንግፑር ላይ ነዶውን ተሸክሞ ወደ ራሱ አውድማ የሄደው ገበሬ አቋቋም እዚህም አለ። ሥጋው አልቋል፤ አቋቋሙ አልተወሰደም።

በዚህ የማይስማሙ አሉ። «ሰውን ሁልጊዜ ተጎጂ አድርጎ ማሳየት ራሱ ክብር መንፈግ ነው» ይላሉ። የሚናቅ ክርክር አይደለም። ሆር ሳቅ አልሠራም ማለት ይቻላል። ጭፈራ፣ ሠርግ፣ ፍቅር ሥራዎቹ ውስጥ ጥቂት ነው። የሙሉ ሰው ሙሉ ሕይወት ከፈለጋችሁ በዚያው በሻንቲኒኬታን የኖረውን ቀራፂ ራምኪንካር ባይጅን እዩ። በ1938 የሠራው፣ ሳንታል ከሚባለው የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆነ ቤተሰብ ሐውልት በሲሚንቶና በጠጠር ነው፤ ጎጆውን ጠቅልሎ ሥራ ፍለጋ የሚሄድ ቤተሰብ። ድሆች ናቸው፤ ግን ጉልበት ሞልቷቸዋል። ሁለቱን አብሮ ማየት ጥሩ ነው።

የተራበን ሰው የኪነ ጥበብ ዕቃ ማድረግ ነውር አይደለም?

ሊሆን ይችላል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ዓለምን የዞሩትን የወገኖቻችንን ፎቶዎች የሚያስታውስ ሰው ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ የመጠየቅ መብት አለው። ኢትዮጵያ ሲባል ዝንብ የወረረው ሕፃን ብቻ የሚታያቸው ሰዎችን አሁንም እናገኛለን።

የሆርን ሥራ ከዚያ የሚለዩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ከውጭ የመጣ አልነበረም። የሣላቸው ሰዎች የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ሥዕሉም መጀመሪያ የተሠራው ለእነሱው ትግል ነው። ሁለተኛ፣ ረሃቡን በዝምታ አላሳየውም። ከረሃቡ ወደ ቴብሃጋ ሄዷል። ሰው ለምን ተራበ፣ ሩዙን ማን ወሰደው የሚለው ጥያቄ ከሥዕሉ ጋር አለ። ረሃብን እንደ ተፈጥሮ አደጋ ብቻ የሚያሳይ ምስል ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድን ሰው ከተጠያቂነት ያድናል።

ዛሬ ሥራዎቹ በጨረታ ውድ ዋጋ ያወጣሉ። ይህ አይከብድም ወይ ብትሉኝ፣ ይከብዳል። የተራበ ሰው ቅርጽ ሀብታም ቤት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ማየት ደስ አይልም። መፍትሔው ሙዚየም ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሙዚየም ቢያንስ ለተማሪም በሩ ክፍት ነው።

የት ማየት እችላለሁ? ከየትኛውስ ልጀምር?

ዴልሂ የሄደ ሰው በብሔራዊ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከልና በኪራን ናዳር ሙዚየም ስብስቦች ውስጥ ሥራዎቹ አሉ። ሁልጊዜ ሁሉም ላይታይ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ሻንቲኒኬታን ከካልካታ በባቡር ጥቂት ሰዓት ነው። እዚያ ከሄዳችሁ የራምኪንካርን ሐውልቶች ውጭ ግቢው ላይ ታገኛላችሁ።

ከስልክ የሚያይ ሰው በቴብሃጋ ንድፎች ይጀምር፤ ለማንበብ ቀላል ናቸው። «ቁስሎች»ን ሲፈልግ ብርሃን ከጎን እየመጣ የተነሱ ፎቶዎችን ይምረጥ። ብርሃኑ ከፊት ከሆነ ነጭ ወረቀት ብቻ ነው የሚታየው። ነሐሶቹን ደግሞ ከኋላም የተነሱትን ይፈልግ። የሽያጭ ማውጫዎች ፊቱን ብቻ ነው የሚያሳዩት፤ ሆር ግን ለጀርባው ከፊቱ ያነሰ አልደከመም።